ጥቆማ፦ ሜታል ዲቴክተሩ ይጮኻል፣ ስቆፍር ግን ባዶ ነው። ጓሮ ለጠፋ ቀለበት ምን ልግዛ?

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለዚህ ቤት። እማዬ ልትጠይቀን መጥታ ጓሮ ጎመኑን ስታርም የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ ቀረ። አፈሩን በእጅ አገላበጥነው፣ በወንፊትም ነፋነው፣ የለም። ከዚያ ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ ማሽን) ገዛሁ፣ ጋሬት ኤስ 300 ነው። ጩኸቱ አያልቅም። በጮኸበት ቦታ ስቆፍር ግን ባዶ ነው፣ ከቁፋሮው ጎን ሳደርገው ደግሞ እንደገና ይጮኻል። ኮይሉ (ከዘንጉ ጫፍ ያለው፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው ክብ ነገር) ሰፊ ስለሆነ ዕቃው በየትኛው በኩል እንዳለ ሊገባኝ አልቻለም። የተሻለ ማሽን ልግዛ? የሚያከራይ ታውቃላችሁ? ወይስ ሥራዬ ብሎ ቀለበት የሚፈልግ ሰው ልጥራ? ጎመኑማ አለቀለት። እማዬ ሳትመለስ ባገኘው ደስ ይለኛል፣ እስቲ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ አይዞሽ፣ ማሽኑን አትቀይሪው። ኤስ 300 ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ እንዲያውም ቦታ ለመለየት ከአንዳንድ ውድ ማሽኖች ይልቅ ለጀማሪ ይቀላል። ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ኮይሎች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ኮንሰንትሪክና ደብል ዲ። ያንቺ ሰባት በአስር ኢንች ኮንሰንትሪክ ነው። ከሥሩ ያለው መግነጢሳዊ መስክ እንደ ተገለበጠ የመሶብ ክዳን ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ስለዚህ ድምፁ በጣም የሚበረታው ዕቃው በኮይሉ እምብርት ሥር ሲሆን ነው። ደብል ዲ ግን ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ድረስ በመሀሉ ባለ ቀጭን መስመር ነው የሚያነበው። ኤስ 400፣ የቱርኮቹ ኖክታ ሲምፕሌክስና የአውስትራሊያዎቹ ማይንላብ ቫንኩዊሽ ደብል ዲ ይዘው ነው የሚመጡት። ማዕድን የበዛበት አፈር ላይ እነሱ ይሻላሉ፣ አንቺን ግን አሁን ያስቸገረሽ አፈሩ አይደለም።

የሚያስቸግርሽ ይመስለኛል የፒንፖይንት ቁልፉን፣ ማለትም ዕቃው ያለበትን ነጥብ የሚለየውን፣ አለመጠቀምሽ ነው። እያወዛወዝሽ ስትፈልጊ ማሽኑ የሚሰማው በእንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ኮይሉ ከቆመ ዝም ይላል። ስለዚህ «ጮኸ» ያልሽበት ቦታና ዕቃው ያለበት ቦታ አይገጥሙም፣ እጅሽ አልፎ ሄዷል። ፒንፖይንቱን ተጭነሽ ስትይዢ ግን ኮይሉ ቆሞም ይሰማል፣ ብረቱንም ወርቁንም ሳይለይ ያሰማል፣ በቀረብሽ ቁጥር ድምፁ ይጨምራል።

መጀመሪያ በማወዛወዝ ድምፁን አግኚው። ከዚያ ኮይሉን ፈቀቅ አድርገሽ ምንም በሌለበት መሬት ላይ አስቀምጪና ቁልፉን ተጫኚ። ዕቃው ላይ ሆነሽ ከተጫንሽ ማሽኑ ያንን ድምፅ እንደ ዜሮ ይቆጥረውና ግራ ያጋባሻል። ቁልፉን እንደያዝሽ ቀስ ብለሽ ከግራ ወደ ቀኝ ሂጂ፣ የበረታበትን መስመር በዓይንሽ ያዢ። አሁን ዘጠና ዲግሪ ዞረሽ ቁሚና ከፊት ወደ ኋላ ድገሚው። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነው ቦታው። አሁንም ሰፋ ብሎ የሚጮኽ ከሆነ ቁልፉን ልቀቂ፣ ወደ ድምፁ ዳር ጠጋ በይና እንደገና ተጫኚ፤ መስኩ ይጠብና የሚጮኸው ቦታ የብርጭቆ አፍ ያህል ይቀራል። እዚያ ላይ ነው ቁፋሮው።

አንድ ሌላ ነገር። ቀለበቱ ገና አሁን የወደቀ ነው፣ ከሁለት ኢንች በታች ሊሆን አይችልም፣ በአካፋ ቆፍራችሁ ካልቀበራችሁት በቀር። ቅርብ ያለ ዕቃ ደግሞ ኮይሉን መሬት አስነክተሽ ስትሄጂ በሰፊው ይጮኻል፣ አንዳንዴም ሁለቴ «ጢጥ ጢጥ» ይላል። ሴንሲቲቪቲውን (የመስማት ኃይሉን) ቀንሺና ኮይሉን ሦስት አራት ኢንች ከፍ አድርገሽ እለፊበት፤ ድምፁ ወደ አንዲት ነጥብ ይሰበሰባል። ቀለበት በጎኑ ቆሞ ከተቀበረም ሁለት ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፣ ያኔ በመሀላቸው ፈልጊ። ስክሪኑ ላይ ያለውን የጥልቀት ምልክት ብዙ አትመኚው፣ የተሠራው ዕቃው የሳንቲም መጠን እንዳለው ታስቦ ነው።

ማሽኑ «ኮይንስ» (ሳንቲም) በሚለው ሞድ ላይ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ቀይሪው። ማሽኑ ያገኘውን ብረት ዓይነት ስክሪኑ ላይ በቁጥር ያሳያል፣ ያ ሞድ ደግሞ የጣሳ መክፈቻና የፎይል ቁጥሮችን እንዲዘል የተዘጋጀ ነው፤ የወርቅ ቀለበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እዚያው መካከለኛው ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ የእናትሽን ቀለበት ረግጠሽው አልፈሽ ሊሆን ይችላል። «ጁወልሪ» (ጌጣጌጥ) ወይም ምንም የማይዘለው «ዜሮ ዲስክ» ላይ አድርጊው። እናትሽ በወርቁም በውፍረቱም የሚመሳሰል ሌላ ቀለበት ካላቸው ክር አስሪበትና ሣር ላይ አስቀምጪው፣ ኮይሉን አሳልፊበት፣ ስንት እንደሚያነብ ጻፊ። ከዚያ በኋላ የምትፈልጊው ያንን ቁጥርና ከላይም ከታችም ጥቂት ቁጥሮችን ነው። የራስሽን ቀለበትና ሰዓት አውልቂ፣ ስልኩንም ኪስሽ ውስጥ አትተዪው። ጫማሽ የብረት አፍንጫ ያለው ከሆነ ኮይሉ በቀረበው ቁጥር ይጮኻል።

ገንዘብ ማውጣትሽ ካልቀረ ማሽን ሳይሆን የእጅ ፒንፖይንተር ግዢ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተሽ የምትፈልጊበት ትንሽ ዘንግ ነው። ማሽኑ እስከ አንድ ስንዝር ያቀርብሻል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚጨርሰው እሱ ነው። እፍኝ ያህል አፈር ውስጥ አንድ ቀለበት በጣት መፈለግ ቀላል ይመስላል፣ ግን ጭቃ የለበሰ ወርቅ ጠጠር ነው የሚመስለው። ያየኋቸውን ልንገርሽ። የጋሬት ፕሮ ፖይንተር ኤቲ፣ ብርቱካናማ ስለሆነ ሁሉም «ካሮት» የሚለው፣ 150 ዶላር አካባቢ ነው፣ በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፣ ውሃ አይፈራም። ደስ የሚለኝ ነገሩ፣ በጣም ሲጮኽብሽ ቁልፉን ፈጠን አድርገሽ አንዴ ስትነኪው ራሱን አስተካክሎ ጫፉ ላይ ብቻ መስማቱ ነው። የኖክታ አኩፖይንትና የፈረንሳዮቹ ኤክስፒ ኤምአይ 6 በቻርጅ ይሠራሉ፣ ባትሪ መግዛት ለሚሰለቸው ጥሩ ናቸው፤ ኤምአይ 6ቱ የሚያዋጣው ግን የኤክስፒ ዲቴክተር ላለው ነው፣ ከማሽኑ ጋር በገመድ አልባ ስለሚገናኝ። እንደ እኔ ካሮቱ ይሻላል። ለዚች ቀለበት ብቻ ከሆነና ሌላ ጊዜ የማትነኪው ከሆነ ግን ከ30 ዶላር በታች ያሉት ስም የለሽ ፒንፖይንተሮችም ይሠራሉ። የሚሰሙት በጣም ሲጠጉ ብቻ ነው፣ በየጊዜውም እየጠፉ መከፈት ይፈልጋሉ።

ከዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችን ጥሩ ብሏል፣ እኔ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። እናትሽ መሄጃቸው ከደረሰ መማሩን ለሌላ ጊዜ አቆዪውና ሰው ጥሪ። ዘ ሪንግ ፋይንደርስ የሚባል ማውጫ አለ፣ ዚፕ ኮድ አስገብተሽ በአካባቢሽ ያለውን ፈላጊ ታገኛለሽ። ብዙዎቹ የቤንዚን ይቀበሉና ከተገኘ ደግሞ የፈቀድሽውን ያህል ጉርሻ ነው የሚጠብቁት፤ ቁርጥ ዋጋ የሚያስከፍሉም ስላሉ በስልክ ቀድመሽ ተስማሚ። ኪራይም አለ። አንዳንድ የዲቴክተር ነጋዴዎችና የመሣሪያ አከራዮች በቀን ያከራያሉ። አንቺ ግን ማሽን ስላለሽ ኪራዩ ምን ይሠራልሻል? ብር ማባከን ነው።

ደብል ዲ ኮይል ላላችሁ ደግሞ እኔ ቫንኩዊሽ ላይ የማደርገውን ልጨምር። ድምፁን ካገኛችሁ በኋላ ኮይሉን በጣም አጭር አድርጋችሁ፣ አንድ ጣት ሁለት ጣት ያህል ብቻ ግራና ቀኝ እያንቀጠቀጣችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ድምፁ ድንገት የሚቋረጥበት ቦታ ላይ ቁሙ። ዕቃው ያለው ከኮይሉ የፊት ጫፍ ፊት ለፊት ነው። ፒንፖይንት ቁልፍ አልነካም፣ በእሱ ከሚሆነው በላይ ይፈጥናል። ከጫፉ ፊት ለፊት መሆኑን በዓይን ለመልመድ መጀመሪያ የሩብ ዶላር ሳንቲም ሣር ላይ ጥላችሁ ሞክሩት።

ሌላው ትልቁ ነገር፣ ይህ ነገር ሱስ ይሆንና ከጓሮ መውጣት ያምራችኋል። እባካችሁ የት እንደቆማችሁ እወቁ። ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ (የፌዴራል ፓርኮች መሥሪያ ቤት) የሚያስተዳድረው መሬት ላይ ዲቴክተር መጠቀም ክልክል ነው፣ ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። እኛ ጋ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ደግሞ ይህ መሬት በየቦታው ነው፦ ናሽናል ሞል፣ ሮክ ክሪክ፣ አውሮፕላን ሲያርፍ ለማየት ልጆች የምንወስድበት ግራቭሊ ፖይንት፣ አሌክሳንድሪያ ድልድዩ ሥር ያለው ጆንስ ፖይንት፣ የምናሳስ የጦር ሜዳም ጭምር። በፌዴራል መሬት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ቅርስ ማውጣት ደግሞ ከ1979 ጀምሮ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። ባሕር ዳርቻ ለሚያምራችሁ የኦሽን ሲቲ ከተማ አሸዋ ላይ ይቻላል፣ ከእሱ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላችሁ አሳቲግ ናሽናል ሲሾር ስትገቡ ግን አይቻልም። የስቴትና የካውንቲ ፓርኮች ሕግ ይለያያል፣ ቢሮአቸው ደውሉ። ታውንሃውስ ውስጥ ላላችሁም ከአጥራችሁ ውጪ ያለው ሣር የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው፣ የናንተ አይደለም።

ከሻኪሶ

እኛ ጋ ማሽን ሲባል ወርቅ መፈለጊያው ነው፣ ከእናንተ ሥራ ጋር ይለያያል፣ ግን ቦታ መለየቱ ላይ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው። እዚህ የሚሠራባቸው ማይንላብ ጂፒኤክስ 5000 እና ጎልድ ሞንስተር 1000 የፒንፖይንት ቁልፍ የላቸውም። ስለዚህ በጆሮ ነው። በመስቀል አቅጣጫ ታሳልፋለህ፣ ድምፁ የበረታበትን በእግርህ ምልክት ታደርጋለህ፣ ላዩን ጠረግ ጠረግ አድርገህ እንደገና ታሳልፋለህ። ድምፁ ከበረታ ገና ሥር ነው፣ ከቦታው ከጠፋ ጠርገህ ከጎን ያከማቸኸው አፈር ውስጥ ነው። ይህን ሳያጣሩ መቆፈር ነው ጉድጓዱን ትልቅ የሚያደርገው።

አፈሩ ውስጥ መሆኑን ካወቅህ የፕላስቲክ ሥኒ ወይም የፕላስቲክ መጥረጊያ አካፋ ያዝ፣ ብረት እንዳይሆን። አፈሩን ሙላና ኮይሉ ላይ አሳልፈው። ከጮኸ ግማሹን በሌላ እጅህ ላይ አፍስሰህ የቀረውን አሳልፍ። የማይጮኸውን ጣለው፣ የሚጮኸውን ደግሞ ለሁለት ክፈል። እንዲህ እየከፈልክ ስትሄድ መጨረሻ እጅህ ላይ አንዲት ቁንጥር አፈር ትቀራለች፣ ወርቁ እሷ ውስጥ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል ወርቅ የምናገኘው እንዲህ ነው። የእህታችን እናት ቀለበት ከዚያ በጣም ትልቅ ስለሆነ ሦስት አራት ጊዜ ብትከፍል ይበቃታል፣ ፒንፖይንተርም ሳትገዛ።

እግረ መንገዴን፣ ከውጭ ለወንድሞቻችሁ ማሽን ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ አስመስሎ የተሠራ ማይንላብ በሰፊው አለ። ዋጋው ግማሽ ከሆነ ተጠራጠሩ፣ ሲሪያል ቁጥሩን ከኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አጣሩ። በጉምሩክ በኩል ያለውን ደግሞ ሳትገዙ በፊት ጠይቁ፣ የሚረከበው ሰውም የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ ይኑረው፤ ካልሆነ ዕቃውም ባለቤቱም ችግር ላይ ይወድቃሉ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሞዱ በእርግጥም «ኮይንስ» ላይ ነበር! ወደ ጁወልሪ ቀየርኩት። የፒንፖይንቱንም ቁልፍ ሞከርኩት፣ በአንድ ጊዜ የቢራ ክዳንና አንድ ምስማር ከተባለው ቦታ ላይ ቀጥ አድርጌ አወጣሁ። አሁን የቀረኝ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ያለው መደብ ነው፣ ጎመኑ በብዛት የነበረው እዚያ ነው፤ ማሽኑ ግን እዚያ ሲደርስ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ምን ላድርግ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚያ የሚጮኸው ቤቱ ራሱ ነው። የውሃ መውረጃ ቱቦው፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ቲማቲሙን ያቆማችሁበት ሽቦ ካለም እሱ። ሽቦውን አንሺው፣ ሴንሲቲቪቲውን ወደ ሁለት ወይም ሦስት አውርጂው። ኮይሉን ወደ ግድግዳው እየወሰድሽ አትመልሺው፣ ከግድግዳው ጎን ለጎን አሂጂው፤ ያኔ ከቤቱ ያለሽ ርቀት ስለማይለዋወጥ የቤቱ ድምፅ እኩል ይሆንና ቀለበቱ ከመሀሉ ብቅ ብሎ ይለያል። ከግድግዳው አንድ ክንድ ውስጥ ያለውን ደግሞ በማሽኑ አትድከሚ። አፈሩን በፕላስቲክ ዕቃ እያነሳሽ ከቤቱ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ሸራ ዘርግተሽ ድፊው፣ ሳሳ አድርገሽ በትኚውና ኮይሉን ከላዩ አሳልፊ። ሸራው ከመዘርጋቱ በፊት ሥሩ ያለው ሣር ራሱ አለመጮኹን አረጋግጪ።