«ሁለት ስፒከርና አንድ ማይክ ይበቃል»፦ የአቤል ተስፋዬ (ዘ ዊኬንድ) ቱር አዲስ አበባ ይገባል አይገባም?

የገርጂው ልጅ፦ ትናንት ማታ በአንድ ኤፍ ኤም የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ እንግዳው ምን አለ መሰላችሁ? «ዘ ዊኬንድ አዲስ አበባ ያልመጣው ስላልፈለገ ነው። ፍላጎት ካለ ሁለት ስፒከርና አንድ ማይክ ይበቃል።» እኔ እውነቱን ነው ባይ ነኝ። ሰውዬው በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ በዚህ ቱር ሰሜን አሜሪካን፣ አውሮፓን፣ ላቲን አሜሪካን አዳርሷል። ሊማ ድረስ ወርዷል። የእናት አባቱ አገር ሲባል ነው መድረኩ የሚከብደው?

ቼን ሞተር፦ ሁለት ስፒከር! ኧረ ባክህ። የዚያ ሾው መድረክ እኮ ከሜዳው አንድ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ የሚደርስ ነው። አንዱ ጋ የፈራረሰ ከተማ ቆሟል፣ የቶሮንቶው ሲኤን ታወር ጭምር። ሌላው ጋ በአየር የተነፋ ጨረቃ። መሃል ለመሃል ረጅም መተላለፊያ። ከ2023ቱ የአውሮፓ ዙር ወዲህ ደግሞ የጃፓኑ ሃጂሜ ሶራያማ የነደፋት ግዙፍ ሮቦት ተጨምራለች። መድረኩን የነደፈችው ኤስ ዴቭሊን ናት። ይሄን ነው በሁለት ስፒከር የምትተኩት?

ሀያ ሁለት ማዞሪያ፦ ጨረቃዋ እንኳን እኛም ጋ አለች፣ ያውም በነፃ። መብራት ሲጠፋማ ይበልጥ ትደምቃለች።

የገርጂው ልጅ፦ ከነሮቦቷ ይምጣ ያለ አለ? ቢዮንሴ ጥቅምት 2000 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ዘፍና ሄዳለች። ከሷ በፊት በሚሊኒየሙ ዋዜማ ብላክ አይድ ፒስ መጥተዋል። በ1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሊ 60ኛ ልደት መስቀል አደባባይ ላይ ተከብሯል። ያኔ የነበረው ጀነሬተር ዛሬ የት ገባ?

ቼን ሞተር፦ የቢዮንሴው የአዳራሽ ሾው ነበር። አቤል ግን ለአዳራሽ የተያዘውን ቱር በ2021 ሰርዞ ወደ ስታዲየም የዞረው አዳራሽ ስለጠበበው ነው። የስታዲየም ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳህ። የመድረኩ ብረት ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ይዘጋጃል። አንዱ ላይ ሾው ሲታይ ሌላው በሚቀጥለው ከተማ እየተተከለ ነው፣ ቀናት ይፈጃል። ድምፁ፣ መብራቱ፣ ስክሪኑ ግን አንድ ነው፤ ሾው እንዳለቀ በሌሊት ይጫንና ይከተላል። አውሮፓ ውስጥ ይሄ የአንድ ሌሊት የመኪና መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ያለው ከተማ የቱ ነው? ናይሮቢ? በሞያሌ በኩል? ቀጣይ ከተማ ከሌለ ወጪው ሁሉ የሚወድቀው በአንድ ምሽት ቲኬት ላይ ነው።

ዲክላራሲዮን፦ መንገዱን ተወውና ወረቀቱን ስማ። ካርኔ በሚባለው ደብተር የሚሠሩ አገሮች የኮንሰርት ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባሉ ያስወጣሉ። እኛ እዚያ ውስጥ የለንም። ስለዚህ የሚሄደው በጊዜያዊ ማስገቢያ ነው፤ ዕቃው በዝርዝር፣ በሴሪያል ቁጥር፣ ዋስትና ተይዞበት። የሚበላሸው የት እንደሆነ ልንገርህ። ላኪው የማሸጊያ ዝርዝሩ ላይ «ኬብል፣ 1 ሣጥን» ብሎ ይጽፋል። ሣጥኑ ሲከፈት ርዝመቱ የተለያየ ብዙ ገመድ ይወጣል፣ እሱ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ሌላው ሁሉ ይቆማል። ሲወጣ ደግሞ አንድ ከጎደለ ዋስትናው አይለቀቅም። ከመድረክ ላይ ሁሉም ገመድ ተመልሶ የወጣበት ኮንሰርት የለም። በዚያ ላይ ገመድ አልባ ማይክ የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ይጠይቃል። «አንድ ማይክ» ያላችኋት ራሷ ማመልከቻ አላት።

ሀያ ሁለት ማዞሪያ፦ ቂቂቂ። እንግዲህ ሁለት ስፒከር ቀረ።

ሂሩት ዘቶሮንቶ፦ ችግሩን ሁሉ እዚያ አገር ላይ አትከምሩት። ቱሩ ሊከፈት የነበረው ጁላይ 8 ቀን 2022 እዚሁ ቶሮንቶ ነበር። የሮጀርስ ኔትወርክ በመላ ካናዳ ጠፋና ተራዘመ። የስታዲየሙ ስም ራሱ ሮጀርስ ሴንተር ነው! መክፈቻው ጁላይ 14 ወደ ፊላደልፊያ ሄደ፣ ቶሮንቶ እስከ ሴፕቴምበር ጠበቀች።

ሀያ ሁለት ማዞሪያ፦ በኔትወርክ መጥፋት ከሆነማ እኛ ስንት ዓመታችን ወርልድ ቱር ላይ ነን።

ጋሽ ሪቨርብ፦ ልጆች፣ ያን ስፒከር አንዴ በቁጥር እንየው። በስታዲየም የመጨረሻው ሰው ከመድረኩ 100 ሜትር ቢርቅ አይገርምም። በአዲስ አበባ ምሽት፣ 15 ዲግሪ ላይ፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይሄዳል። 100 ሜትሩን ለመጨረስ 294 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሜዳው ላይ ዲሌይ ማማ (ተጨማሪ ስፒከር የተሰቀለበት) ይተከላል፤ የማማው ድምፅ ከዋናው የሚርቅበት ያህል እንዲዘገይ ይደረጋል። ያ ካልተስተካከለ ከኋላ የቆመው ሰው ከበሮውን ሁለቴ ነው የሚሰማው። የዚህ መድረክ ጣጣ ደግሞ መተላለፊያው ነው። ዘፋኙ እየዘፈነ ከዋናው ስፒከር ፊት ለፊት ይወጣል፣ ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይቀበልና መጮህ ይመጣል። 50 ሜትር ሲርቅ የራሱ ድምፅ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው የሚመለስለት። ጆሮው ውስጥ ባለው ማዳመጫ ካልተመራ ከምቱ ይወጣል።

የገርጂው ልጅ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያን ሁሉ አልኩ እንዴ? የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ድምፁን ያዘገየዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እሱንም ይጨምሩበት።

ጋሽ ሪቨርብ፦ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀት ነው ልጄ፣ ከፍታ አይደለም። በበጋ ምሽት የሚያስቸግረው የአየሩ ድርቀት ነው፤ ቀጫጭኑን ድምፅ ይበላዋል፣ ሲምባሉ ሩቅ ላለ ሰው ይደፈናል። ማማው ላይ ከፍ አድርገህ ታካክሰዋለህ። ከፍታ የሚጎዳው ሳንባንና ጀነሬተርን ነው።

ቼን ሞተር፦ ጀነሬተሩን ካነሱልኝ፣ 500 ኬቪኤ (የጀነሬተር አቅም መለኪያ ነው) በ400 ቮልት በአንድ ፌዝ፣ ማለትም ከሦስቱ የኃይል መስመሮች በአንዱ፣ 720 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ግን እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ1000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል እየቀነስክ ነው የምትቆጥረው። አዲስ አበባ 2350 አካባቢ ናት። 500 ብለህ የተከራየኸው 435 ሆኖ ያገኝሃል። ይሄን ሳያሰላ የጫነ ሰው ሁሉም መብራት አንድ ላይ ሲበራ ነው ብሬከሩ የሚጥለው፤ ያ ደግሞ ሁሌም የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ነው።

የገርጂው ልጅ፦ አገኘኋችሁ! ቦጎታ 2600 ሜትር ነው። ሜክሲኮ ሲቲ 2240። ሁለቱንም በ2023 ዘፍኖባቸዋል። ከፍታ የሚባለውን ሰበብ አንሱልኝ።

ሂሩት ዘቶሮንቶ፦ ድምፁ የጠፋበትማ ባሕር ጠለል አጠገብ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ሶፋይ ስታዲየም፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2022። ጥቂት ዘፍኖ አቋረጠ፣ በኖቬምበር ተመልሶ ካሰው። ሳንባውን ለቀቅ አድርጉለት።

ቼን ሞተር፦ ከፍታውን ተረታሁ። ግን ቦጎታና ሜክሲኮ ሲቲ የጎደለህን ከዚያው የምትከራይባቸው ከተሞች ናቸው። አንድ ምሳሌ ብቻ። አንድ ትራስ (መብራትና ስፒከር የሚሰቀልበት የብረት ማዕቀፍ) የሚያነሱት ቼን ሞተሮች፣ ማለትም በሰንሰለት የሚስቡት ማንሻዎች፣ ፍጥነታቸው አንድ መሆን አለበት። ከአንዱ አከራይ በደቂቃ 4 ሜትር የሚስበውን፣ ከሌላው 8 ሜትር የሚስበውን ለቃቅመህ ካሰርክ ትራሱ ይጋደላል። ሦስት ነጥብ ላይ ከሆነማ የባሰ ነው፤ ፈጣኑ የጎረቤቱን ጭነት ይወስዳል፣ የጎረቤቱ ሰንሰለት ይላላል፣ «አንድ ቶን» የተባለው ሞተር ሳታውቀው ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። መንጠቆው ላይ የጭነት መለኪያ ካላስገባህ የምታውቀው ሲወድቅ ነው።

የገርጂው ልጅ፦ ስፒከር ብዬ ሞተር አመጣህብኝ። እሺ ኪጋሊስ? ኬንድሪክ ላማር በዲሴምበር 2023 ቢኬ አሬና፣ ጆን ሌጀንድ በፌብሩዋሪ 2025 እዚያው። 10 ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ። ስታዲየም፣ ሮቦት፣ ጨረቃ ያለ ሰው የለም።

ዲክላራሲዮን፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልክድህም። ግን ሩዋንዳ ኮንሰርቱን ከሚያዘጋጀው ግሎባል ሲትዝን ከሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር የአምስት ዓመት ውል ገብታ ነው። እዚህ አዘጋጁ ብቻውን ነው። ክፍያው በዶላር፣ ብዙውን ጊዜ ግማሹ አርቲስቱ ከመነሳቱ በፊት ይላካል፤ ቲኬቱ የሚሸጠው በብር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ ምን እንደሆነ አይተሃል። በዚያ ሳምንት ቲኬት ሸጦ የጨረሰ አዘጋጅ ቢኖር ኖሮ ሁለቱን ስፒከር ሸጦ ነበር ዕዳውን የሚከፍለው።

የገርጂው ልጅ፦ አየር መንገዱስ? የራሳችን 777 ካርጎ እያለ ስለ ሞያሌ ታወሩኛላችሁ።

ዲክላራሲዮን፦ አንዱ 100 ቶን ገደማ ይይዛል። ሙሉውን ጭኖ ቦሌ ማረፉ ቀላል ነው፤ በከፍታው ምክንያት ያንኑ ጭኖ ለረጅም መንገድ መነሳቱ ነው የሚያስቸግረው። የአሜሪካ በረራ ሎሜ ወይም ሮም ላይ የሚያርፈው ለምን ይመስልሃል?

ሀያ ሁለት ማዞሪያ፦ ገብታ መውጣት ካልቻለችማ ሮቦቷ ቀረችልን። ቦሌ ድልድይ ላይ እናቆማታለን።

ሂሩት ዘቶሮንቶ፦ ስትቀልዱ ልጁን አትርሱት። በ2021 ለዓለም ምግብ ፕሮግራም 1 ሚሊዮን ዶላር ለኢትዮጵያውያን ሰጥቷል። በዚያው ዓመት የፕሮግራሙ በጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኗል፣ ቱሩም ለዚያ ገንዘብ አሰባስቧል። «አልፈለገም» ማለት ነውር ነው።

የገርጂው ልጅ፦ ምፅዋት ማን ጠየቀ? ሰውዬውን በአካል ነው የምንፈልገው።

ሂሩት ዘቶሮንቶ፦ ምፅዋት! ሰው ለተራበ ሲሰጥ ምፅዋት ተባለ? እሺ አደይ አበባ ስታዲየም ሲያልቅ 62 ሺህ ሰው ይይዛል ተብሏል፣ እሱን ጨርሱና ጥሩት።

ሀያ ሁለት ማዞሪያ፦ አሁን ክርክሩ ስለ ኮንክሪት ሆነ። ደግ ነው፣ ይሄም አያልቅም።

ቼን ሞተር፦ የገርጂው፣ አንዴ ብቻ መልስልኝ። በኪጋሊው ዓይነት አዳራሽ፣ ያለ ከተማው፣ ያለ ጨረቃው፣ ያለ መተላለፊያው ቢመጣ «ቱሩ አዲስ አበባ ገባ» ትላለህ? ወይስ በማግስቱ «ለፈረንጅ ሮቦት፣ ለኛ ባዶ መድረክ» ብለህ ትጽፋለህ?

የገርጂው ልጅ፦ ይምጣና ያኔ እናያለን።

ቼን ሞተር፦ ትጽፋለህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጋሽ ሪቨርብ፦ እንግዳው ዛሬ ማታም አለ አሉ። የሚደውል ካለ ሁለቱ ስፒከሮች ስንት ኢንች እንደሆኑ ይጠይቅልኝ።

የገርጂው ልጅ፦ 15 ኢንች ይበቃል ጋሼ።