ካምደን፣ ኒው ጀርዚ ለመኖር ያሰጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ፊላደልፊያ ነው የምሠራው፣ የምወጣው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ ካምደን ረከስ ያለ ቤት አገኘሁ፣ ግን የነገርኩት ሰው ሁሉ "አብደሻል እንዴ?" ይለኛል። የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስሟ በከንቱ አልጠፋም። በ2012 ብቻ 67 ሰው ተገድሎባታል፣ ያውም ሕዝቧ 80 ሺህ እንኳ ሳይሞላ። በ2013 የከተማውን ፖሊስ በትነው በካውንቲ (ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች የያዘው አስተዳደር) ፖሊስ ተኩት፣ ፖሊሶቹም በእግር እየዞሩ ከሰፈሩ ሰው ጋር መተዋወቅ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ግድያው በጣም ቀንሷል።

መልስ፦ 3 ዓመት ኖሬባታለሁ። የመኪናዬን መስታወት ሰብረው ጃኬት ወስደውብኛል፣ ሰው ግን ነክቶኝ አያውቅም። ሰፈር ከሰፈር በጣም ይለያያል። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ በምትገቢበት ሰዓት እዪው፤ መብራት አለው? በጣውላ የታሸጉ ባዶ ቤቶች ይበዙበታል? ብቻሽን እንዳትሄጂ ደግሞ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማታ ከወንድሜ ጋር ሄጄ አየዋለሁ።