የደመወዝ ወለል የት ደረሰ?

ከቡሬ፦ ወገኖቼ፣ የጤፍ ዋጋ ጣሪያ ሲነካ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ባለበት ቆሟል። ባለሥልጣናቱ በየመድረኩ ስለኛ ኑሮ ያወራሉ። የግል ድርጅትን የሚያስገድድ የደመወዝ ወለል አለ? ከ6000 ብርስ ስንት ይቆረጣል?

ከደብረ ማርቆስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። የሚያቋቁመው ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው፤ ያለ ደንቡ አንቀጹ ወረቀት ብቻ ነው። ሠራተኛው ቢቆጣ እውነቱን ነው!

ከባሕር ዳር፦ ግብሩን ራሳችሁ አስሉት። ከሐምሌ 2017 ወዲህ የመጀመሪያው 2000 ነጻ ነው። ቀጣዩ 2000 በ15 በመቶ 300፣ የመጨረሻው 2000 በ20 በመቶ 400፤ ድምሩ 700። ጡረታ 7 በመቶ፣ 420። እጅ የሚገባው 4880 ነው። ፔሮሉ ላይ ግብሩ 935 ከሆነ በድሮው ስሌት ነው የቆረጡት፤ የ235 ብሩን ልዩነት በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂውንም ያዙ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ትርፍ ሰዓትም እንዳይረሳ፤ ቀን የመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት 1.75 ነው።