ሥዕል የሚቀያይሩ ቁልፎች፦ መመሳሰል ወይስ ቅጂ?

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦
የሞስኮው የአርቴሚ ሌቤዴቭ ስቱዲዮ ኦፕቲመስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ትንሽ ስክሪን የሆነበትን የኪቦርድ ንድፍ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በ2008 ኦፕቲመስ ማክሲመስ ተብሎ ገበያ ሲወጣ 113 ቁልፎች ነበሩት፤ ዋጋው ከ1,500 ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ ኤልጋቶና ሬዘር የተባሉ የኮምፒውተር ዕቃ አምራቾች ጥቁር ሳጥን ላይ ሥዕላቸው የሚቀያየር የሚያበሩ ቁልፎችን ደርድረው ይሸጣሉ፤ የስቱዲዮውን ስም የሚያነሣ ግን አላይም። እኔ ይህን ቅጂ ነው የምለው። የማይስማማ ይሞግተኝ።

የምርት ዲዛይነር፦
እኔ አልስማማም ወንድሜ። ቁልፍ ያለ እረፍት ሲጫኑት የሚውል ነገር ነው። ስክሪኑ አብሮት ቢወርድና ቢወጣ ሽቦው ይበጠሳል። ስለዚህ ስክሪኑ ባለበት ይቆያል፤ የሚንቀሳቀሰው ብርሃን የሚያሳልፈው ክዳን ነው። ማክሲመስ የተሠራው እንዲህ ነው፤ ሌላ መሐንዲስም ቢቀመጥበት እዚያው ይደርሳል። ውስጡን ስናይ ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የማክሲመስ እያንዳንዱ ቁልፍ 48 በ48 ነጥብ (ፒክስል) ያለው፣ ኦሌድ የተባለ በራሱ የሚያበራ ስክሪን ነበረው። በ2017 የወጣው የኤልጋቶ ስትሪም ዴክ ግን ከ15ቱ ቁልፎች ሥር የተዘረጋ አንድ ስክሪን ነው ያለው። ዋጋው 150 ዶላር አካባቢ የሆነው በዚህም ጭምር ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
ፓተንት (የፈጠራ መብት) አሠራርን እንጂ ባዶ ሐሳብን አይጠብቅም። የአውሮፓ ኅብረት የዲዛይን ሕግም ቴክኒካዊ ተግባር ብቻ ያስገደደውን ቅርጽ አይጠብቅም። ስለዚህ አሠራሩ ያስገደደውን የክዳን ቅርጽ ብቻ ይዞ በዲዛይን ሕግ መክሰስ ያስቸግራል። በዓይን ብቻ መፍረድም አደገኛ ነው፦ በ2022 የወጣው የሬዘር ስትሪም ኮንትሮለር ሉፕዴክ ከተባለው ኩባንያ ሉፕዴክ ላይቭ ጋር መንታ የሚመስለው ሬዘርና ሉፕዴክ ተባብረው ስላወጡት ነው።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦
ክዳኑን ተውኩት። የሬዘር ስትሪም ኮንትሮለር ኤክስ ግን እንደ ስትሪም ዴክ 15 ቁልፎች አሉት፤ በሦስት ረድፍ፣ አምስት አምስት። 12 ወይም 16 እንዳይሆን ምን ከለከለው?

ተርጓሚ፦
ለእኔ አንገብጋቢው ሌላ ነው። ፊደላችን ከ200 በላይ ሆሄያት አሉት። «ለ»ን ስጫን ቀጥሎ ያሉት ቁልፎች ሉ፣ ሊ፣ ላ ሆነው ቢበሩ አዲስ ጸሐፊ ኪቦርዱን በቃሉ መያዝ አይጠበቅበትም። ይህ በ1,500 ዶላር ለማን ይደርሳል? ተፎካካሪ በበዛ ቁጥር እኛም እንደርስበታለን።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦
እህቴ፣ ርካሽ ቢሆን እኔም ደስ ይለኛል። የቀደመውን ሰው ስም መጥራት ግን ዋጋ አያስወድድም። ጥያቄዬም አልተመለሰም፤ ለምን 15?

የምርት ዲዛይነር፦
ልመልስ። 800 በ480 ነጥብ በገበያ የተለመደ የስክሪን መጠን ነው። በአምስትና በሦስት ክፈለው፤ 160 በ160 የሆኑ 15 እኩል ካሬዎች ታገኛለህ፣ ትርፍ የለውም። እንዲህ ዓይነት ስክሪን የገዛ ሁሉ ይህን ድርድር ቢመርጥ አይገርመኝም።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦
ይህ የቁልፎቹን ብዛት ያስረዳል። የጠርዙን ጥቁረት፣ የማዕዘኑን ክብነት፣ ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ የሚያጋድልበትን መልክ ግን ስክሪን አይወስነውም። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንነጋገር።