«ዝም ብሎ የእግር ጉዞ ነው» ላልከው

የሌሊት አንባቢ፦ ትናንት አንድ ልጅ ስለ ቶልኪን ልብ ወለድ ስለ «የቀለበቶቹ ጌታ» (The Lord of the Rings) ሲጽፍ «የመጀመሪያው ቅጽ ዝም ብሎ የእግር ጉዞ ነው፤ ዝለሉትና ፊልሙን እዩ» አለ። በጣም ነው ያናደደኝ። ቶልኪን ከ10 ዓመት በላይ የለፋበት መጽሐፍ እኮ ነው! ያ ጉዞ ከሌለ ታሪኩ የለም።

ቸኩዬ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ቃሌን አላጥፍም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍሮዶ፣ እሳት ውስጥ ተጥሎ መጥፋት ያለበትን ክፉ ቀለበት ተረክቦ ከቤቱ እስኪወጣ 17 ዓመት ያልፋል። ከዚያ ጫካ፣ ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ ቶም ቦምባዲል የሚባል እየዘፈነ የሚኖር እንግዳ ሰው። ፊልሙ ቦምባዲልን ጭራሽ አላስገባውም። ምን ጎደለ?

የሌሊት አንባቢ፦ ጩቤው ጎደለ! ቦምባዲል እነ ፍሮዶን ከመቃብሩ ጉብታ ካዳናቸው በኋላ፣ እዚያው ከተቀበረው ሀብት ለያንዳንዳቸው ጩቤ መርጦ ይሰጣቸዋል። የፍሮዶ ጓደኛ ሜሪ በፔለኖር ጦርነት የክፉው ጌታ አገልጋዮች የሆኑትን የናዝጉሎቹን አለቃ ከጉልበቱ ኋላ የወጋው በዚያ ነው። ጩቤውን የሠሩት ደግሞ ድሮ ከዚሁ ጠላት ጋር ሲዋጉ የጠፉ ሰዎች ናቸው። ሌላ ስለት እንደዚያ አያቆስለውም ነበር፤ መጽሐፉ ራሱ ይለዋል። አንተ ግን ዘለልከው።

ቸኩዬ፦ ለአንድ ጩቤ ያን ሁሉ ምዕራፍ?

የሳም ወገን፦ ለጩቤው ብቻ አይደለም። የፍሮዶ አገልጋይና ጓደኛ ሳም መጨረሻ ላይ ፍሮዶን አዝሎ ቀለበቱ የሚጣልበትን የእሳት ተራራ ሲወጣ እኔ አልቅሻለሁ። ከፊቱ ያ ሁሉ መንገድ ባይኖር አላለቅስም ነበር። ለማንኛውም የመጽሐፉ ጀግና ሳም ነው። ፍሮዶማ አፋፉ ላይ ሲደርስ «ቀለበቱ የኔ ነው» ብሎ አጠለቀው።

የሌሊት አንባቢ፦ እህቴ፣ ፍሮዶን ተዪው! ቀለበቱን መልሶ ለመውሰድ የሚከተላቸውን ጎለምን ሊገድለው ሲችል የማረው ማን ነው? ጎለም ጣቱን ነክሶ ቀለበቱን ይዞ እሳቱ ውስጥ ባይወድቅ ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። ቶልኪንም በደብዳቤው፣ በዚያች ሰዓት ያንን ጫና ማንም አይችለውም ብሏል።

የሳም ወገን፦ ሳም ቀለበቱን ይዞ ነበር፤ በፈቃዱም መለሰ።

የሌሊት አንባቢ፦ ሳም የያዘው ለጥቂት ጊዜ ነው። ፍሮዶ ስንት ወር ተሸከመው!

ቸኩዬ፦ ከርዕስ ወጣችሁ። እኔ ያልኩት መጽሐፉ ረጅም ነው ነው።

የሌሊት አንባቢ፦ አላልክም። «ዝም ብሎ» ነው ያልከው። ረጅም ነው ብትል ማን ይጣላሃል? ረጅም ነው። «ዝም ብሎ» ማለት ግን ምክንያት የለውም ማለት ነው፤ እኔን ያበሳጨኝ እሱ ነው።

ቸኩዬ፦ እሺ፣ «ዝም ብሎ» የሚለውን አንስቻለሁ። የእግር ጉዞ ግን ነው።

የሳም ወገን፦ በዚያ ጉዞ ላይ ፍሮዶን ያዘለው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልመለሳችሁልኝም።