ውሻዬ በጎቼን እየበተነብኝ ነው፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። 23 በጎች አሉኝ። ከ3 ወር በፊት ቦርደር ኮሊ የሚባል የመንጋ ውሻ ዘር፣ አንድ ወንድ ገዛሁ፤ አሁን 11 ወሩ ነው። እናቱም አባቱም መንጋ ነጂ ናቸው ስለተባልኩ ብዙ ማስተማር አያስፈልገውም ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሩን እከፍትና ከውሻው ኋላ ቆሜ «ሂድ፣ ንዳ!» እለዋለሁ። ተወርውሮ ይሄድና መንጋውን ዞሮ፣ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ወደ እኔው ይመልስብኛል። ስጮህ ይባስ ብሎ መሃላቸው ይገባል። ትናንት የአንዷን የኋላ እግር ነክሶ አፉን ሱፍ ሞልቶ መጣ፤ ያውም ጅራቱን እየቆላ። ሌላዋ አጥር ስትዘል ሽቦው ጎኗን ቧጨራት።

ባለቤቴ «ሽጠውና እንረፍ» ትላለች። ችግሩ ውሻው ነው ወይስ እኔ?

ባለፉጨት

ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ እንጂ ጥፋቱ ያንተ ነው። እኔም አልፌበታለሁ። የመጀመሪያ ውሻዬን አንድ ዓመት ሙሉ «ባለጌ» ስለው ኖሬ፣ ኋላ ባለጌው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

ኮሊ በተፈጥሮው መንጋን ከሰው አያርቅም፤ ወደ ሰው ያመጣል። በጎቹን ዞሮ ወደ አንተ ሲመልስ ሥራውን እየሠራ ነው። አንተ ደግሞ ለዚያ ትጮህበታለህ። ታዲያ ምን ያድርግ? ከመንጋው ኋላ ሆኖ ካንተ እያራቀ መንዳት ከደመ ነፍሱ ጋር የሚጋጭ ትምህርት ነው። መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ አንተ ከእሱ ጀመርክ።

ቦታህን ቀይር። መሬቱን እንደ ሰዓት አስበው፤ በጎቹ መሃል ናቸው። ውሻው 12 ላይ ከሆነ አንተ 6 ላይ ነህ። ወደ 3 ከመጣ አንተ ወደ 9 ትሄዳለህ። በጎቹ ሁልጊዜ መሃላችሁ ናቸው። አንተ ዝም ብለህ ወደ ኋላ ትራመዳለህ፣ እሱ ያመጣልሃል። በዚህ ብቻ ግማሹ ጣጣ ይቀልልሃል።

ደግሞ 23ቱን በአንድ ጊዜ አትስጠው። ረጋ ያሉ 5 ወይም 6 በጎች ለይ። ጠበብ ባለ ቦታ፣ 10 ሜትር የሚሆን ገመድ ከአንገቱ አስረህ መሬት ለመሬት ይጎትተው። ሲያስቸግር ገመዱን ትረግጣለህ እንጂ አትሯሯጥም። 10 ደቂቃ ይበቃል። ጥሩ ሲሠራ አቁም፤ እስኪደክመው አትጠብቅ።

ጅራቱን ብለሃል፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ጅራቱ ወደ ላይ ከተሰቀለ ጨዋታ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ ወደ እግሮቹ መሃል ሲገባ፣ ጭንቅላቱም ሲወርድ፣ ያን ጊዜ እያሰበ ነው።

በጓንም እያት። ዓይኖቿ ጎንና ጎን ስለሆኑ ከራሷ ጀርባ በቀር ዙሪያዋን ታያለች። ከትከሻዋ ኋላ ስትቆም ወደ ፊት ትሄዳለች፤ ከትከሻዋ ፊት ከሆንክ ትቆማለች ወይ ትመለሳለች። በጣም ከተጠጋሃት ትበረግጋለች። ጥሩ ውሻ ይቺን ርቀት ጠብቆ ሰፋ አድርጎ ነው የሚዞረው። ያንተው እየጠበበ ስለሚገባ ነው የሚበተኑት።

የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች ዘር ወደ ኋላ ሲቆጠር ሁሉም ለማለት በሚቻል መልኩ በ1893 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ፣ ኖርዘምበርላንድ የተወለደ ኦልድ ሄምፕ የሚባል ውሻ ጋር ይደርሳል። ዘሩ በብዛት የተፈለገው ረጋ ብሎ፣ ያለ ግርግር ስለሚሠራ ነው። ያንተውም የልጅ ልጁ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሳትሸጠው አንድ ወር ስጠው።

ቆምጫጫው

ይሄ ሁሉ ሰዓትና ገመድ ምን ያደርጋል? አንድ ሁለቴ ዱላ ቢቀምስ ያርፋል።

ባለፉጨት

ያርፋል፣ ልክ ነህ። አንተ ባለህበት በግ ማየት ያቆማል። እንዲህ ሆኖ የተበላሸ ውሻ ሰጥተውኝ ያውቃሉ፤ በጎቹ ሲመጡ እግሬ ሥር ይተኛ ነበር። መልሶ ዓይኑን እንዲያነሳ 7 ወር ፈጀብኝ።

የመንታዎች እናት

አንድ ነገር ሳትጠይቁት አለፋችሁ። ከበጎቹ ያረገዙ አሉ እንዴ?

ካሉ ዛሬውኑ ለያቸው። በግ የምታረግዘው 5 ወር ገደማ ነው፤ 147 ቀን ያህል። ግልገሉ በጣም የሚያድገው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ስለሆነ፣ ያኔ እናቲቱ መዋከብ የለባትም። እኔ «ቀስ ብሎ ነው የሚነዳቸው» ብዬ ልትወልድ 3 ሳምንት በቀራት በግ ላይ ቡችላ ለቅቄ መንታ አስወርዳብኛለች። በማግስቱ ጠዋት ጋጣው ጥግ ላይ ቆማ ድርቆሹን ዞራ አላየችውም። ይሄው ስሜንም ከዚያ ነው ያወጣሁት።

የወለዱትንም ተዋቸው። ግልገል ያላት በግ ከውሻ አትሸሽም። በፊት እግሯ መሬቱን መታ መታ ታደርግና በግንባሯ ትመታዋለች። ልጅ ውሻ አንዴ ክፉኛ ከተመታ ድፍረቱ ይሄዳል።

መርፌ ያዥ

ስለ ነዳ ነዳው በቂ ተብሏል። እኔ ስለ መድኃኒት ልጨምር። በጎችህን የውስጥ ተባይ መድኃኒት ስትሰጥ ውሻውን እሰር። ከኮሊ ዘር ኤምዲአር1 የሚባለው ዘረመል የተበላሸባቸው አሉ፤ አይቨርሜክቲን የሚባለው የተባይ መድኃኒት አንጎላቸው ድረስ ይገባባቸዋል። ቦርደር ኮሊ ላይ እንደ ሌሎቹ ኮሊዎች አይበዛም። ግን ለበግ የሚሰጠው መጠን ለየትኛውም ውሻ ብዙ ነው። መሬት የፈሰሰውን እንዳይልስ፣ መድኃኒት የወሰደ በግ ፋንድያ እንዳይበላ ተጠንቀቅ። ከተንገዳገደ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ የዓይኑ ብሌን ከሰፋ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰደው።

ጥሬ ጉበትና ሳንባም አትስጠው። ውስጡ የውሃ ከረጢት ካለ ውሻው ኮሶ ይይዘዋል፤ ከውሻው ደግሞ ወደ አንተና ወደ ልጆችህ ያልፋል። ለኮሶው ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ሐኪምህን ጠይቅ።

ጀማሪው

ከ9 ቀን በኋላ ተመለስኩ። 4 ያረገዙ ነበሩ፣ ለየኋቸው። የመንታዎች እናት፣ እግዜር ይስጥሽ።

5 በግ ይዤ 6 ሰዓቷ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ ሁለት ቀን ገመድ ስረግጥ ብቻ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ሳልጮህ ወደ ኋላ ስራመድ አመጣቸው። ተደስቼ ኋላዬን ሳላይ ጭቃ ውስጥ በጀርባዬ ወደቅኩ፤ በጎቹም ረግጠውኝ አለፉ። ቀና ስል ውሻው ሆዱን መሬት አስነክቶ እነሱን ያያል። ጅራቱ ወርዷል! ባለቤቴ መስኮት ላይ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። ስለ መሸጥ ግን ከዚያ ወዲህ አላነሳችም።

አሁን ችግሩ «በቃ፣ ና» ስለው በጎቹን ትቶ አይመጣም። ይዞራል፣ ይዞራል።

ባለፉጨት

እንኳን ደስ አለህ፣ በጭቃው ጭምር። አትጥራው። በጠራኸውና ባልመጣ ቁጥር አለመምጣትን ነው የምታስተምረው። በጎቹን ጥግ አስይዝና አንተ በእነሱና በእሱ መሃል ግባ፤ ሲቆም ገመዱን ያዝ፣ «በቃ» በለው፣ አብራችሁ ጥቂት እርምጃ ራቁ። ከዚያ መልሰህ ወደ በጎቹ ልቀቀው። መጥራት ማለት ሁልጊዜ የሥራ መጨረሻ እንዳይመስለው። የሳምንቱን ውጤት ጻፍልን።