ኦቶክሌቩ 15 ፒኤስአይ ላይ 20 ደቂቃ ቆይቶም ኢንዲኬተሩ አያልፍም፤ ጌጁ ነው ወይስ ስዊቹ?

ጀማሪ ባዮሜድ (የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ፣ ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ከላይ የምትከፈት፣ ክዳኗ በቡሎን የሚታሰር 50 ሊትር ኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ግፊት የምታመክን ማሽን) ላይ እየሠራሁ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የላትም። ያላት ፕሬዠር ስዊች፣ ጌጅ፣ ሴፍቲ ቫልቭና ውሃውን የሚያሞቀው ባለ 2 ኪሎዋት ሬዚስታንስ ብቻ ነው። ጌጁ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲደርስ ስዊቹ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፤ እንደ መመሪያው 20 ደቂቃ ትቆያለች። ጥቅሉ መሀል የምናስገባው ክላስ 5 ኢንዲኬተር (ሙቀቱ፣ ጊዜውና እንፋሎቱ መሟላቱን የሚያሳይ ወረቀት) ግን የማለፊያው ቦታ ጋ አይደርስም። ከውጭ የሚለጠፈው ቴፕ ደግሞ በደንብ ይጠቁራል። የክዳኑን ጎሚኒ ቀይሬያለሁ፣ እንፋሎት አታፈስም። ሬዚስታንሱን በቴስተር ስለካው 24 ኦም ነው። ጌጁን ልቀይር ወይስ ስዊቹን? ነርሶቹ ለነገ ጠዋት መሣሪያ ይፈልጋሉ።

እንፋሎት፦
እህቴ፣ ምንም ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት ከተማዋን አስቢያት። መመሪያው ላይ ያለው 15 ፒኤስአይ ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የውጭው አየር 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 77 አካባቢ ነው። ለዚህም ነው እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ የሚፈላው።

እንፋሎት 121 ዲግሪ እንዲሆን በጠቅላላው 205 ኪሎ ፓስካል ይፈልጋል። ከዚያ ላይ 77 ሲቀነስ ጌጁ ማሳየት ያለበት 128 ነው፣ ማለትም 18.5 ፒኤስአይ። አሁን በ15 የምታገኚው 117 ዲግሪ ገደማ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ተሕዋስያኑን ለመግደል የሚፈጀውን ጊዜ 2.5 እጥፍ ታራዝመዋለች። የ20 ደቂቃሽ ሥራ በ121 ዲግሪ ሲመነዘር 8 ደቂቃ ብቻ ነው። ኢንዲኬተሩ እውነቱን ነግሮሻል። ቴፑ እንፋሎት እንደነካው ብቻ ነው የሚናገረው፤ በእሱ አትተማመኚ።

ሬዚስታንሱ ደህና ነው። 220 ቮልት በ220 ተባዝቶ ለ2000 ሲካፈል 24.2 ይመጣል።

ቀይ ሽቦ፦
ስሌቱ ትክክል ነው፤ ስዊቹ ግን ከመነካቱ በፊት የሰውነቷ ሰሌዳ ይነበብ። የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት ስንት ነው? ሴፍቲ ቫልቩስ ስንት ላይ ይከፈታል? ቫልቩ 18 ላይ የሚከፈት ከሆነ ግፊቱን መጨመር አይቻልም። ቫልቩን ማጥበቅ ወይም መድፈን ደግሞ በምንም ምክንያት የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የዚህ ስህተት ዋጋ የሰው ፊትና እጅ ነው። በዚያ ሁኔታ ያለው መንገድ ግፊቱን ባለበት ትቶ ጊዜውን ወደ 50 ደቂቃ ማራዘም ነው፣ እሱም በስፖር ምርመራ (ሙቀት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች መሞታቸውን በሚያሳየው) ሲረጋገጥ ብቻ።

ሰሌዳው ከፈቀደልሽ ሶኬቱን ንቀይ፣ ጌጁ ዜሮ እስኪል ጠብቂ፣ የስዊቹን ክዳን ክፈቺ። አብዛኞቹ ሁለት ብሎን አላቸው፤ አንዱ ግፊቱን፣ ሌላው በመቁረጫና በመመለሻ (ስዊቹ መልሶ በሚያበራበት ግፊት) መካከል ያለውን ልዩነት ያስተካክላል። የነበሩበትን በቀለም ምልክት አድርጊና የግፊቱን ብሎን ሩብ ዙር ብቻ አዙሪ። ዝጊ፣ ውሃው እንዳለ፣ ዕቃ ሳታስገቢ አሙቂና እዪ፤ ከዚያ እንደገና ሩብ ዙር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 18.5 መሆን ያለበት መቁረጫው ሳይሆን መመለሻው ነው። መቁረጫው 19.5 ቢሆን ሙቀቱ በ121 እና 122 መካከል ይመላለሳል። እግረ መንገድሽን ኮንታክቶቹንም እዪ፤ ከጠቆሩ ወይም ከተቦረቦሩ ስዊቹ ይቀየር፣ ምክንያቱም የተጣበቀ ኮንታክት ሬዚስታንሱን አይቆርጠውም።

የልደታ ቴክኒሻን፦
እኔ የምጨምረው አየሩን ነው። ውስጥ የቀረ አየር ጌጁን ያታልላል፤ ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ሙቀቱ ይጎድላል። አየር ከእንፋሎት ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሁለት ማክሲመም ቴርሞሜትር (ከፍተኛውን ሙቀት ይዞ የሚቀረውን ዓይነት) አንዱን ላይ፣ አንዱን ከቅርጫቱ ሥር አስቀምጪ። ሁለቱ እኩል ሆነው ከ121 በታች ከሆኑ ችግሩ ግፊቱ ነው። የታችኛው ከላይኛው ከሁለት ዲግሪ በላይ ካነሰ አየር አልወጣም ማለት ነው።

ያን ጊዜ የአየር ማውጫውን ቱቦና ወንፊቱን ፍቺ። እንፋሎቱ መውጣት ከጀመረም በኋላ ሳይቆራረጥ ለ10 ደቂቃ ይውጣ፣ ከዚያ ነው ቫልቩ የሚዘጋው። ጥቅሎቹም ተጨናንቀው አይደርደሩ፤ በመካከላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃም በጎኑ ይቁም።

ጀማሪ ባዮሜድ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ቴርሞሜትር ተውሼ በ15 ፒኤስአይ ሞከርኩ፤ ላይ 117፣ ታች 111። ወንፊቱን ስፈታው የጎዝ ክርና ነጭ የውሃ ጨው ተጋግሮ ሦስት አራተኛውን ደፍኖታል። ካጸዳሁት በኋላ ላይም ታችም 117 ሆነ። ሰሌዳው እስከ 25 ፒኤስአይ ይፈቅዳል፣ ሴፍቲ ቫልቩ 23 ላይ ይከፈታል። ልቀጥል?

ቀይ ሽቦ፦
ቀጥዪ። መጀመሪያ ግን ጌጅሽን ሰርተፊኬት ባለው ጌጅ አመሳክሪው፤ የአንድ ፒኤስአይ ስህተት ካለ ልፋትሽ ሁሉ ይበላሻል። ውሃውንም ወደ ዲስቲልድ ቀይሪ። ያ ነጭ ጨው ሬዚስታንሱ ላይም ስለሚጋገር ውሎ አድሮ ያቃጥለዋል።

ጥያቄ ከሌላ አባል፦
የጥርስ ክሊኒኮቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ባለ ዲጂታሎቹስ ይነካሉ?

እንፋሎት፦
በብሎን አይነኩም። እነሱ ሙቀቱን በሴንሰር ስለሚለኩ ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሲተከሉ የከተማው ከፍታ በሜኑ እንዲሞላላቸው ይጠብቃሉ። ከፍታው ዜሮ ላይ ከተተወ የግፊትና የሙቀት አለመጣጣም ስህተት እያሉ ይቆማሉ። 134 ዲግሪ ለሚሠሩት እዚህ የሚጠበቀው የጌጅ ንባብ 2.27 ባር ገደማ ነው፤ ባሕር ወለል ላይ 2.03 ነበር።

ጀማሪ ባዮሜድ፦
በአምስት ሩብ ዙር መመለሻው 18.5፣ መቁረጫው 19.5 ሆነ። ታችም ላይም 121 ይላል፤ ክላስ 5 ኢንዲኬተሩ በሦስት ተከታታይ ዙር አልፏል። ለስፖር ምርመራው አንድ አምፑል (ስፖር ያለባት ትንሽ ብልቃጥ) አስገብተን አውጥተናል፣ ውጤቱ ገና ነው።

የልደታ ቴክኒሻን፦
ያላስገባችሁትን ሁለተኛ አምፑልም ባክቴሪያው እንዲያድግ ከወጣው ጋር አሙቁ። እሱ ቀለም ካልቀየረ ምርመራው ራሱ አልሠራም ማለት ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ የነገውን ጠዋት መሣሪያ ሌላ ቦታ አስመክኑ፤ ቀድሞ በ15 የወጡት ጥቅሎችም ሁሉ ተፈትተው እንደገና ይግቡ። ግፊቱን የቀየርሽበትን ቀንና ቁጥር ክዳኑ ላይ ጽፈሽ ለጥፊ፣ ቀጣዩ ቴክኒሻን መመሪያውን አይቶ ወደ 15 እንዳይመልሰው።